ሰልፈኛው ሌላ፣ አጨብጫቢው ሌላ፦ ስለ ፀረ ጽንፈኛ ሰልፎች ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራዬ የውጭ ጉዳይ ትንታኔዎችን ማረም ነው። የሆነ አገር ቦምብ ይፈነዳል። ሕዝብ አደባባይ ይወጣል፣ አሸባሪዎቹን ያወግዛል። ብዙም ሳይቆይ ረቂቆች ይጎርፉልኛል። ግማሾቹ «የአሜሪካ ፖሊሲ ፍሬ አፈራ» ይላሉ። ግማሾቹ «ፖሊሲው ያመጣው ጣጣ ነው» ይላሉ። ሰልፈኛው ራሱ ምን እንዳለ የጻፈ ግን ተፈልጎ አይገኝም። ጀማሪ ጸሐፊዎችን እወዳለሁ፣ ጉጉታቸው ደስ ይላል። ያንኑ ስህተት ሁልጊዜ በቀይ ማስመር ግን ሰለቸኝ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛው ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ጽንፈኛን የተቃወመ ሁሉ የአሜሪካ ወዳጅ ነው ብሎ ማሰብ

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ታገሡኝ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ኖቬምበር 9 ቀን 2005 የዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ውስጥ ሦስት ሆቴሎች በአንድ ምሽት በአጥፍቶ ጠፊዎች ተመቱ፤ ግራንድ ሃያት፣ ራዲሰን ሳስ እና ዴይስ ኢን። ራዲሰን ውስጥ ሠርግ ነበር። የሙሽራውም የሙሽራይቱም አባቶች ሞቱ። ትውልደ ሶርያው የፊልም ዳይሬክተር ሙስጠፋ አቃድም ከልጁ ጋር ሕይወቱን አጣ። የሟቾቹ ቁጥር 60 ገደማ ደረሰ። ኃላፊነቱን የወሰደው በኢራቅ የሚንቀሳቀሰው አልቃይዳ ነው። መሪው አቡ ሙሳብ አል ዛርቃዊ ደግሞ ዮርዳኖሳዊ ነው፤ ስሙም የመጣው ከትውልድ ከተማው ከዛርቃ ነው።

በማግስቱ አማን ጎዳና ላይ ወጣች። «ዛርቃዊ፣ ገሃነም ግባ!» እያለች። የገዛ ጎሣው ሰዎች ሳይቀሩ በጋዜጣ ማስታወቂያ ካዱት። ዛርቃዊ በድምፅ መልእክት «ሠርጉን ማጥቃት አላሰብንም» ብሎ ለማስተባበል ሞከረ። የሰማው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ይዘው ሲያበቁ ምን ብለው ይደመድማሉ መሰላችሁ? «አረቦች ነቁ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡሽ የኢራቅ ዘመቻ ትክክል ነበር።» እንዴት? ከየትኛው መፈክር ላይ ተነበበ?

ቁጥሩን እንይ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2005 ጸደይ ላይ ዮርዳኖስ ውስጥ ሲጠይቅ፣ 60 በመቶ አካባቢ የሚሆኑት በቢን ላደን ላይ እምነት አላቸው። በ2006 ይህ ወደ 24 በመቶ ወረደ። የአጥፍቶ መጥፋት ጥቃት አንዳንድ ጊዜም ሆነ ብዙ ጊዜ ተገቢ ነው የሚሉት ከ57 ወደ 29 በመቶ ወረዱ። ትልቅ ለውጥ ነው። ቆይ፣ አላለቀም። በዚያው አንድ ዓመት ለአሜሪካ በጎ አመለካከት ያላቸው ዮርዳኖሳውያን ከ21 ወደ 15 በመቶ ቀነሱ። ሁለቱም አብረው ነው የወረዱት።

አማን ውስጥ የጮኸው ሰው የተናደደው ሠርግ ላይ ቦምብ ስለፈነዳ ነው። ዛርቃዊን ይጠላል፣ የኢራቅን ጦርነትም ይጠላል፣ እና ምንም አይጋጭበትም። የሚጋጨው ዓለምን በሁለት ቡድን ከፍሎ ለሚያይ ጸሐፊ ነው።

ወቀሳንም በጅምላ ማደል

ሌላኛው ወገን እንዳይስቅ። «ዛርቃዊን የፈጠረው ቡሽ ነው» የሚል ረቂቅም ይደርሰኛል፣ ብዙ ጊዜ።

ሰውየው በ1990ዎቹ ዮርዳኖስ እስር ቤት ነበር። በ1999 አዲሱ ንጉሥ ዳግማዊ አብደላ ዙፋን ሲይዙ በምሕረት ተፈታ። ከዚያ አፍጋኒስታን ሄዶ ሄራት አካባቢ ካምፕ አቋቋመ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓውል በፌብሩዋሪ 2003 የተባበሩት መንግሥታት ፊት ስሙን ሲያነሱ ጦርነቱ ገና አልተጀመረም። እርግጥ ነው፣ ያለ ጦርነቱ ያን ያህል ባልገነነ። ለቢን ላደን ታማኝነቱን ያወጀው በ2004 ኢራቅ በእሳት ላይ ሳለች ነው። አማንን ያጠቁትም ከኢራቅ የተላኩ ኢራቃውያን ናቸው። «ጦርነቱ ሜዳ ሰጠው» ብላችሁ ጻፉ፣ አልነካውም። «ፈጠረው» ካላችሁ ግን ዮርዳኖስ እስር ቤት የነበረውን ሰው ማን እንደፈጠረው ንገሩኝ። ካልሆነ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የሚሆነው።

የቀን ቅደም ተከተል አለማየት

ይህን ለማረም ካላንደር ብቻ ይበቃል። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

በኢራቅ የአንባር ግዛት የሱኒ ጎሣዎች አልቃይዳ ላይ ተነሡ። «ሳህዋ»፣ ማለትም መነቃቃት፣ ይባላል። ሼክ አብዱል ሳታር አቡ ሪሻ በግዛቲቱ ዋና ከተማ ራማዲ ላይ ጎሣዎቹን ያሰባሰቡት በሴፕቴምበር 2006 ነው። ቡሽ ተጨማሪ ጦር እንደሚልኩ ያወጁት ጃንዋሪ 10 ቀን 2007 ነው። ሆኖም በጁላይ 2008 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የምርጫ ዘመቻ ላይ የነበሩት ጆን ማኬይን ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሲናገሩ የአንባሩን መነሣሣት ያስጀመረው ያ ጭማሪ ጦር እንደሆነ አድርገው አቀረቡት። ተቺዎቻቸው ወዲያው ቀኑን አወጡባቸው። እሳቸው ደግሞ ጭማሪ ማለታቸው ቀደም ብሎ የተጀመረውን የጦር ስልት ሁሉ ይጨምራል ብለው አብራሩ።

አሁን ደግሞ ሌላኛው ወገን ምን አደረገ? «እንግዲያው አሜሪካኖቹ ምንም አላደረጉም» አለ። ይሄም ልክ አይደለም። ጎሣዎቹ ከዚያ በፊትም ሞክረው ነበር። በ2005 መጨረሻ ራማዲ ላይ ተነሥተው በ2006 መጀመሪያ አልቃይዳ ሼኮቹን አንድ በአንድ ገድሎ በተናቸው። ሁለተኛው ሙከራ የጸናው ከተማዋ ውስጥ የነበረው የአሜሪካ ብርጌድ ከሼኮቹ ጋር ስለሠራ ነው። በኋላም ከጭማሪው ጦር 4,000 ያህል የባሕር ኃይል እግረኞች ወደ አንባር ተመድበዋል። አቡ ሪሻ ራሳቸው በሴፕቴምበር 2007 በቦምብ ተገደሉ። ቡሽን አግኝተው እጅ ከተጨባበጡ ገና አሥር ቀን ነበር። ዋጋውን ማን እንደከፈለ ሳትጽፉ ሙገሳውን አታከፋፍሉ።

አንድን ጥቅስ ለሕዝብ ሁሉ ማልበስ

ቤይሩት፣ 2005። የቀድሞው የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሐሪሪ ፌብሩዋሪ 14 ተገደሉ። ማርች 14 በሰማዕታት አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ሶርያ ትውጣ አለ። የሶርያ ጦር ከ29 ዓመት በኋላ ኤፕሪል 26 ወጣ። ዋሊድ ጁምብላት፣ ድሩዝ የሚባለው የሊባኖስ አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰብ መሪ፣ ይህ ለውጥ የተጀመረው በኢራቅ ወረራ የተነሣ እንደሆነ ለዋሽንግተን ፖስት አምደኛ ተናገሩ። ይህች ጥቅስ ስንት ጽሑፍ ውስጥ ገባች መሰላችሁ።

ጥቅሷ እውነት ናት፣ ተብላለች። ግን ጁምብላት አንድ ሰው ናቸው፤ ፖለቲከኛም ናቸው፤ ነፋሱን አይተው አቅጣጫ በመቀየር የታወቁ ናቸው። ከዚያ በፊት ማርች 8 ሒዝቦላህ በጠራው ሰልፍ ሌላ ግዙፍ ሕዝብ ወጥቶ ሶርያን አመስግኗል። በሰማዕታት አደባባይ የነበረው ሰው «የሐሪሪን ገዳይ አውጡ» ነበር ጩኸቱ። ደግሞስ ሶርያ ትውጣ የሚለውን የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1559 በ2004 ከአሜሪካ ጋር ያቀረበችው የኢራቅን ጦርነት አጥብቃ የተቃወመችው ፈረንሳይ ናት። ይህን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ሐዘንተኛን ፈሪ ማለት

ማድሪድ ላይ ማርች 11 ቀን 2004 ባቡሮች ፈንድተው ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ በመላ ስፔን ሚሊዮኖች ዝናብ ላይ ቆመው ሽብርን አወገዙ። ከዚያ በሁለተኛው ቀን በተደረገው ምርጫ ገዥው ፓርቲ ወደቀ። ያሸነፉት የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ሳፓቴሮ ጦራቸውን ከኢራቅ አስወጡ። «ስፔን ለአሸባሪ እጅ ሰጠች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልሞተም።

ሳፓቴሮ ጦሩን እንደሚያስወጡ ቃል የገቡት ከፍንዳታው በፊት ነው። ሥልጣን ላይ የነበረው የጠቅላይ ሚኒስትር አስናር መንግሥት ደግሞ ማስረጃው ወደ ሌላ እያመለከተ ጥፋቱን ኢታ በተባለው የባስክ ታጣቂ ላይ አጥብቆ ሲለጥፍ ነበር። በምርጫው ዋዜማ ሕዝቡ በገዥው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰብስቦ እውነቱን አውጡ ብሏል። አርብ ዕለት ሽብርን ያወገዘው ሕዝብ ነው እሑድ መንግሥቱን የቀጣው። በሁለት ቀን ውስጥ ጀግና ነበር፣ ፈሪ ሆነ? ኧረ ባካችሁ።

ሰልፉን ማን እንደጠራው አለመጠየቅ

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሊቢያ ውስጥ በአይሲስ እጅ ወገኖቻችን በግፍ የታረዱበት ቪዲዮ ከወጣ በኋላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2007 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ መንግሥት የጠራው ሰልፍ ተደረገ። ሕዝቡ የመጣው ከልቡ አልቅሶ ነው። ያም ሆኖ ከመሐል መንግሥትን የሚቃወም ድምፅ ተሰማ፤ ግጭት ተነሣ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ባለሥልጣናቱ ጣታቸውን ወደ ሕገወጥ ደላሎች ቀሰሩ። ሌላው «ልጆቹን ያሰደደው ሥራ ማጣት ነው» አለ። የአንድ ቀን፣ የአንድ አደባባይ ሰልፍ ነው፤ ግን ቁጣው ቢያንስ ወደ ሁለት ወገን ነበር። «ሕዝቡ ሽብርን አወገዘ» ብቻ ብሎ የዘገበም፣ «ሕዝቡ መንግሥትን ተቃወመ» ብቻ ብሎ የዘገበም ግማሹን አስቀርቷል።

መንግሥት ስለጠራው ብቻ ሐዘኑ የውሸት ነው ማለትም አይደለም። ይሄንንም የሚጽፉ አሉ።

«ለምን ዝም አሉ?»

ሙስሊሞች ጽንፈኞችን ለምን አያወግዙም የሚል ጥያቄ የያዘ ረቂቅ ስቀበል እስከ መጨረሻው አላነብም። ከላይ ያሉትን አማንና ራማዲን ቆጥራችሁ ተመለሱ።

ሰልፉን ድል አድርጎ መዝጋት

ቤንጋዚ ላይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 የአሜሪካው አምባሳደር ክሪስ ስቲቨንስና ሦስት ባልደረቦቻቸው ተገደሉ። በአሥረኛው ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ የቤንጋዚ ነዋሪዎች ወጥተው አንሷር አል ሸሪዓ የተባለውን ጽንፈኛ ሚሊሻ ሰፈር ወረሩ፣ ታጣቂዎቹን አስለቀቁ። ደስ የሚል ዜና ነበር። «ሊቢያ ሚሊሻዎችን ገፍታ ጣለች» ተብሎ ተጻፈ። አልጣለችም። ታጣቂዎቹ ተመለሱ። በጁን 2013 በዚያችው ከተማ ሌላ ሚሊሻ ሰፈር ፊት ሰልፍ የወጡ ሰዎች ተተኩሶባቸው 31 ያህል ሞቱ። በኖቬምበር ትሪፖሊ ጋርጉር ሰፈር ላይ ከ40 በላይ። በ2014 አገሪቱ ወደ ሙሉ ጦርነት ገባች።

በዚህ ጊዜ ሁሉ የዋሽንግተን ክርክር የትኛው ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ምን አለ የሚለው ላይ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤቱ ልዩ ኮሚቴ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየበት። ኦባማም በ2016 ከጋዳፊ ውድቀት በኋላ ላለው ጊዜ አለመዘጋጀታቸውን ትልቁ ስህተታቸው ብለውታል። እነዚህን ጻፉ፣ መጻፍ አለባቸው። ግን በባዶ እጁ ሚሊሻ ሰፈር የሄደውን የቤንጋዚ ሰው ከጽሑፉ አታውጡት። ከዓመት በኋላም ወደ ርዕሱ ተመልሳችሁ ምን እንደሆነ እዩ። ይህን የሚያደርግ ጸሐፊ ካገኘሁ አብሬው ቡና እጠጣለሁ።

የሰው ቁጥር

የሰልፈኛ ብዛት ስትጽፉ ማን እንደቆጠረ አብራችሁ ጻፉ። የማድሪዱ ማግስት 11 ሚሊዮን የሚባለው የመንግሥት ቁጥር ነው። የቆጠረውን ካላወቃችሁ «ብዙ ሕዝብ» በቂ ነው።