ከ10 ስንት ያሳክከዋል? የውሻ ባለቤቶች ነጥብ ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማሳከክን የሚለካ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ ውሻውን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያውም ውሻው በፍርሃት ወይም በአዲስ ሽታ ተጠምዶ ማከኩን በረሳበት ሰዓት። ስለዚህ የምንተማመነው ቤት ውስጥ አብሮት በሚውለው ሰው ዓይን ላይ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2007 ለውሾች የተዘጋጀና በ2009 እንደገና የተፈተሸ መለኪያ አለ፦ ከ0 እስከ 10 የሚነበብ በቁሙ የተሰመረ መስመር፣ ከጎኑም የውሻውን ሁኔታ የሚገልጹ አጫጭር ጽሑፎች። ቀላል ይመስላል፤ ግን እንደ አሞላሉ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጽሑፎቹን ሳያነቡ ቁጥር መጥራት ነው። ባለቤቱ «ኧረ ሰባት ይሆናል» ይላል፤ ሰባት የሚለው ግን የራሱን ጭንቀት ነው። ጽሑፎቹ የሚጠይቁት ውሻው ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያክ ሳይሆን ለማከክ ሲል ምን እንደሚያቋርጥ ነው። ማሳከኩ ቀላል ከሆነ ሲተኛ፣ ሲበላና ሲጫወት አያክም። መካከለኛ ሲሆን ሌሊት ሊያክ ይችላል፤ ምግብና ጨዋታ ላይ ግን ይረሳዋል። ሲከፋ ምግቡን ትቶ ቁጭ ይልና በኋላ እግሩ ጎኑን መፎከት ይጀምራል። ጫፉ ላይ ያለው ደግሞ ምርመራ ክፍል ውስጥ እንኳ ካልያዙት የማያቆም ነው።

ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚያበላሸው፣ በእግር ማከክን ብቻ መቁጠር ነው። አንድ ጊዜ አንዲት የውሻ ባለቤት አራት ላይ ምልክት አድርገው ወረቀቱን ሰጡኝ። ስናወራ ውሻው ወንበራቸው ሥር ተጋድሞ የፊት እግሩን ይልሳል፤ የምላሱ ድምፅ ንግግራችንን ያቋርጣል። ስጠይቃቸው «ይልሳል እንጂ አያክም እኮ» አሉ። እግሩን አንስቼ በጣቶቹ መካከል ገለጥ ሳደርግ ነጩ ፀጉር የዛገ ብረት መስሏል፤ ምራቅ ዘወትር ሲነካው ነጭ ፀጉር እንዲህ ይቀላል። መላስ፣ በጥርስ መቆርጠም፣ ፊትን ምንጣፍ ላይ ማሸት፣ በቂጥ መሬት ለመሬት መንፏቀቅ፣ ጆሮን ደጋግሞ ማራገፍ፣ ሁሉም የማሳከክ ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ ይቆጠሩ። (መንፏቀቅ የፊንጢጣ ዕጢ ችግርም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ለብቻው ይንገሩት።) ሴትዮዋ እንደገና ሲሞሉ ሰባት ተኩል ሰጡ። ውሻው አልባሰበትም፤ ቆጠራው ነው የተስተካከለው።

ቆዳውን አይቶ ነጥብ መስጠትም አለ። መቅላትና የፀጉር መመለጥ ማሳከኩ ከቆመ በኋላም ይቆያሉ፤ ቆዳው ንጹሕ መስሎ ክፉኛ የሚያሳክከውም ውሻ አለ። ቁጥሩ የሚሰጠው ለባህርይው ነው። ቁስሉን ፎቶ ያንሱት።

ዛሬ ባል፣ ነገ ሚስት፣ ከነገ ወዲያ ልጅ ቢሞሉት መስመሩ የሚያሳየው የቤተሰቡን የአመለካከት ልዩነት ነው። አንድ ሰው ይሙላው፤ ሁልጊዜም ስላለፉት 24 ሰዓታት፣ በተመሳሳይ ሰዓት።

ያለፈውን ቁጥር እያዩ አዲሱን አይጻፉ። መድኃኒት ገዝቶ የሰጠ ሰው መሻልን ይጠብቃል፤ የጠበቀውንም ያያል። በመድኃኒት ሙከራዎች መድኃኒት አልባ ክኒን ለተሰጣቸው ውሾች እንኳ ባለቤቶች ዝቅ ያለ ነጥብ ሲሰጡ ይታያል፤ ባለቤቱ የትኛውን እንደሚሰጥ እንዳያውቅ የሚደረገውም ለዚህ ነው። እርስዎ ቤት ይህን ማድረግ አይቻልም፤ የሞሉትን ወረቀት አጥፎ መሳቢያ ውስጥ መክተት ግን ይቻላል።

ምግብ፣ ሻምፑና ክኒን በአንድ ሳምንት መቀየርም ቁጥሩን ዋጋ ያሳጣዋል። የምግብ አለርጂን ለመለየት የሚደረግ የአመጋገብ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሳምንት ይወስዳል። መሃል ላይ ፕሬድኒሶሎን (ማሳከክን የሚያስታግስ የስቴሮይድ መድኃኒት) ከተሰጠ ቁጥሩ በቶሎ ይወርድና ምስጋናው ለምግቡ ይሆናል። ሐኪሙ ካዘዘው ይስጡት፤ የጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን ግን ከነጥቡ አጠገብ ይጻፉ። የቁንጫ መከላከያ የሰጡበትንም ቀን እንዲሁ።

ዜሮን መጠበቅ ደግሞ ያለ ምክንያት ያናድዳል። ጤነኛ ውሻም አልፎ አልፎ ያካል፤ ከ2 በታች ያለ ነጥብ ብዙውን ጊዜ እንደ ጤነኛ ይታያል። በሙከራዎችም ነጥቡ በግማሽ መውረዱ በአብዛኛው እንደ ጥሩ ውጤት ይቆጠራል። ከ8 ወደ 4 የወረደ ውሻ ብዙ ተሽሎታል፣ ገና ግን ያሳክከዋል። በአንድ ቀን ከ3 ወደ 2 መውረድ ግን የእስክሪብቶዎ መንሸራተትም ሊሆን ይችላል።

የቀረው ሌሊቱ ነው። ውሻው ሌላ ክፍል ወይም ግቢ ውስጥ የሚያድር ከሆነ «ሌሊት አያክም» ብለው አይሙሉ። ከቻሉ ስልክዎን አንድ ሌሊት ቪዲዮ እየቀረጸ አጠገቡ ይተዉት። ካልቻሉ ከነጥቡ ጎን «ሌሊት አልታየም» ብለው ይጻፉ።