የጅማ ቀይ አፈር ማንነት እንዴት ይታወቃል? ከተዳፋቱ እስከ ላብራቶሪው

አፈር ማስመርመር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ፌስታል አፈር ይዞ ላብራቶሪ መሄድ ነው። ቆይቶ አንድ ወረቀት ይመጣል። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበዛል) 5.1፣ ፎስፈረስ ዝቅተኛ፣ ናይትሮጅን መካከለኛ ይላል። ኖራ ልጨምር ወይስ ማዳበሪያ ለሚል ሰው ይሄ ሊበቃው ይችላል። «ለመሆኑ ይሄ ምን ዓይነት አፈር ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን ወረቀቱ ብቻውን መልስ የለውም። የአፈር ዓይነት የሚለየው ከላይ ባለው 20 ሴንቲ ሜትር አይደለም። እስከ 1 ሜትር ተኩል፣ 2 ሜትር ድረስ ወርዶ መታየት አለበት። የላብራቶሪው ቁጥርም ከተዳፋቱና ከዝናቡ ጋር ካልተገናኘ ባዶ ቁጥር ነው።

ጅማ ለዚህ ሥራ ትመቻለች። ከአንድ ጉብታ ተነስቶ ወደ ሜዳው የሚወርድ ሰው ከደማቅ ቀይ ወደ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ ጥቁርና ግራጫ አፈር ሲያልፍ በዓይኑ ያያል።

መጀመሪያ መሬቱን እዩ

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት በእግር ሂዱ። ከኮረብታው ጫፍ ጀምራችሁ ውሃው በሚወርድበት አቅጣጫ እስከ ታችኛው ሜዳ ድረስ አንድ መስመር ያዙ። ጫፉ ላይ፣ ወገቡ ላይ፣ ግርጌው ላይና ሜዳው ላይ እየቆማችሁ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከፍታና የተዳፋቱን መጠን መዝግቡ። ተዳፋት ለመለካት የስልክ አፕ ይበቃል። በአግድም 100 ሜትር ስትሄዱ 12 ሜትር ከወረዳችሁ ተዳፋቱ 12 በመቶ ነው። ኮምፒውተር ያለው ሰው 30 ሜትር ጥራት ያለውን ነጻ የከፍታ መረጃ አውርዶ ቀድሞ ካርታ ቢሠራ ጥሩ ነው። በእግር መሄዱን ግን አይተካለትም።

ቀዩና ጥቁሩ በአጋጣሚ አልተደረደሩም። የአካባቢው አለት በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ባዛልት ነው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ሲወስድ ብረቱና አሉሚኒየሙ ይቀራሉ። ውሃ በደንብ በሚንጠፈጠፍበት ተዳፋት ላይ ብረቱ አየር አግኝቶ ቀይ ይሆናል። የታጠበው ደግሞ ታች ሜዳው ላይ ይጠራቀምና ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ ይፈጥራል። እንደ ቦዬ ባሉ ረግረጎች ዙሪያ ውሃው ስለሚተኛ አየር ያጣል፤ ቀለሙም ወደ ግራጫ ያደላል።

ባለማሳውን መጠየቅ አትርሱ። በኦሮምኛ ቢዬ ዲማ ካሏችሁ ቀዩን ነው፣ ኮቲቻ ካሏችሁ የሚሰነጠቀውን ጥቁር። የትኛው ማሳ በሬ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው በክረምት ውሃ እንደሚቋጥር ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ዝናቡና ሙቀቱ

ጅማ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምራል፣ ክረምቱን ይበረታል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ይሳሳል። የጣቢያ መረጃ የሚገኘው ከሜትሮሎጂ ነው። ጣቢያ ከሌለ ቺርፕስ የተባለው ነጻ የሳተላይት የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ።

የዓመቱን ድምር ብቻ ይዛችሁ አትቅሩ። በየወሩ የዘነበውንና መሬቱና ተክሉ ወደ አየር ሊያስወጡ የሚችሉትን ውሃ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዝናቡ የሚበልጥባቸው ወራት አፈሩ የሚታጠብባቸው ናቸው። ብዙ ከሆኑ ፒኤቹ ዝቅ ቢል አይግረማችሁ። ከፍታም ይቆጠራል፤ 100 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ከከተማው 500 ሜትር ከፍ ያለ ማሳ ወደ 3 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ብስባሹ ቀስ ብሎ ነው የሚበሰብሰው። ስለዚህ የካርቦን መጠኑ ከታችኛው ማሳ ቢበልጥ የገበሬው ጉብዝና ብቻ ነው አትበሉ።

ጉድጓዱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ተዳፋቱን ይወክላል ያላችሁትን ቦታ ምረጡ። ከመንገድ ዳር፣ ከድሮ በረት፣ ከፍግ ክምርና ከምስጥ ኩይሳ ራቁ። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 2 ሜትር ይሁን። የምታዩት ግድግዳ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ በእሱ በኩል አትቁሙ፣ አፈርም አትከምሩበት። የላይኛውንና የታችኛውን አፈር ለየብቻ አስቀምጡ፤ ስትሞሉ በቅደም ተከተሉ ይመለሳል። ለሊት ክፍት የሚያድር ከሆነ እሾህ ጣሉበት፤ ከብትና ልጅ ይገባበታል። ለመቆፈር ጉልበት ያጠረው ሰው በቅርቡ የተቆረጠ የመንገድ ግድግዳ ይፈልግ። ፊቱን ግን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ይላጠው፣ ላዩ አቧራና ጎርፍ የለበሰ ነውና።

ግድግዳውን በቢላ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ወጋ ወጋ እያደረጋችሁ ቀለሙ፣ ጥንካሬው ወይም ሥሩ የሚቀየርበትን ፈልጉ። የጅማ ቀይ አፈር እዚህ ላይ ራሱን ያሳያል፤ ወሰኑን ለማስመር ትቸገራላችሁ። ንብርብሩ ሳይታወቅ ነው ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው። ይህ መቸገር ራሱ ማስረጃ ስለሆነ ጻፉት።

አሁን ከ60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አንድ ጓል ፈልቅቁ። በሁለት እጃችሁ ቀስ ብላችሁ ፈርክሱት። ማዕዘናማ ወደሆኑ ትናንሽ ጓሎች ይከፈላል። አንዱን ወደ ብርሃን አዙሩት፤ ፊቱ ሰም እንደተቀባ ያብለጨልጫል። ይህ አንጸባራቂ ፊት፣ ከፍተኛ የሸክላ መጠንና ቀስ ያለ ሽግግር አንድ ላይ ሲመጡ ኒቲሶል የሚባለውን አፈር አስቡ። በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ በስፋት ያለ፣ ቡናም የሚስማማው አፈር ነው። ሜዳው ላይ ብትቆፍሩ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። ጓሎቹ እርስ በርስ ተንሸራትተው ያለሰለሱት፣ ጋደል ያለ ትልልቅ ፊት ካለ ቨርቲሶል ነው። ፈዘዝ ያለ ግራጫ አፈር በድንገት በከባድ ሸክላ ላይ ተቀምጦ ካገኛችሁ ደግሞ ፕላኖሶልን ጠርጥሩ።

ቀለሙን አፈሩ እርጥብ ሆኖ በመንሰል የቀለም መጽሐፍ (የአፈር ቀለም ናሙናዎች በቁጥር የተደረደሩበት) አመሳክሩ። ከዚያ ትንሽ አፈር በውሃ እሹ። ቀይ አፈር መጀመሪያ ሲነካ አሸዋማ ይመስላል፤ ቶሎ አትፍረዱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ስታሹት ይለሰልስና መጣበቅ ይጀምራል። በቀጭኑ ተድቦልቡሎ ቀለበት ሲሠራ ካልተሰነጠቀ ሸክላው ብዙ ነው።

ናሙና የሚወሰደው ከታች ወደ ላይ ነው። ከላይ ከጀመራችሁ የሚረግፈው አፈር የታችኛውን ይበክለዋል። ከየንብርብሩ 1 ኪሎ ያህል ይበቃል። ቡና ሥር ከሆነ የረገፈውን ቅጠል መጀመሪያ ግፉት። መለያውን በእርሳስ ጽፋችሁ አንድ ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ አድርጉ፤ እስክሪብቶ እርጥበት ይፈታዋል። ጥልቀት ያልተጻፈበት ናሙና ቢጣል ይሻላል።

ላብራቶሪው ምን ይጠየቅ?

ናሙናውን ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ፈጭታችሁ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉት። ጅማ ላይ ዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ አለው፤ መልኮ ደግሞ የግብርና ምርምር ማዕከሉ አለ። የትም ብትሰጡ «ምን ትለካላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ዘዴ?» ብላችሁ ጠይቁ። በውሃ የተለካ ፒኤችና በፖታሲየም ክሎራይድ የተለካ ፒኤች አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ፎስፈረስም እንደዚያው። ለአሲዳማ አፈር ብሬይ የተባለው የፎስፈረስ መለኪያ ዘዴ ይመረጣል፤ ውጤቱን ኦልሰን በተባለው ሌላ ዘዴ ከተለካ ቁጥር ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ለምደባ የሚያስፈልጋችሁ የሸክላ፣ ደለልና አሸዋ መጠን፣ ፒኤች፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ የካታዮን ልውውጥ አቅም (አፈሩ እንደ ካልሲየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን ይዞ የማቆየት አቅም)፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ የሚለዋወጥ አሉሚኒየምና ከተቻለ ነጻ ብረት (በኦክሳይድ መልክ ያለው ብረት) ነው።

ቁጥሩ ሲመጣ መጀመሪያ ሸክላውን እዩ። ለምሳሌ ያህል፣ በ0–20 ሴንቲ ሜትር 48 በመቶ፣ በ20–45 ላይ 55፣ በ45–80 ላይ 62፣ ከዚያ በታች 63 ነው እንበል። ቀስ ብሎ ይጨምራል፣ ወደ ታች አይቀንስም። ለኒቲሶል የሚስማማ አወራረድ ነው። በአንድ እርምጃ ከ30 ወደ 55 ቢዘል ግን ስሙ ሌላ ቦታ ይፈለግ ነበር።

ቀጥሎ የሸክላውን ባሕርይ አስሉ። የልውውጥ አቅሙ 21፣ ሸክላው 62 በመቶ ከሆነ፣ 21ን ለ62 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 34 ገደማ ይመጣል። ይህ ብዙ ከታጠበ ሸክላ ጋር ይሄዳል። የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ50 በላይ ነው። ለዚህ ስሌት ብስባሽ የሌለበትን የታችኛውን ንብርብር ተጠቀሙ፤ ከላይ ያለው ካርቦን ቁጥሩን ያሳብጠዋል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ብረት የሸክላ ቅንጣቶችን አጣብቆ ደለል ወይም አሸዋ ያስመስላቸዋል። ላብራቶሪው በደንብ ሳይበትናቸው በሃይድሮሜትር (ውሃ ውስጥ የተበተነው አፈር ሲሰጥም እያየ በሚለካ መሣሪያ) ከለካ ሸክላው አንሶ ይወጣል። በእጃችሁ ቀለበት የሠራ አፈር በወረቀቱ ላይ 25 በመቶ ሸክላ ተብሎ ከመጣ እጃችሁን እመኑ፣ ናሙናው እንዲደገም ጠይቁ።

ስሙን ስጡ

በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ 32 ዋና ቡድኖች አሉ። አንድ አፈር ኒቲሶል ለመባል አንጸባራቂ ፊት የታየበት ንብርብር ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላና ቢያንስ 4 በመቶ ነጻ ብረት ይፈለግበታል፤ የጓሉ ቅርጽና አንጸባራቂው ፊትም እንዲሁ። የብረት ምርመራ ካልተሠራላችሁ «በመስክ ምልክቶች ኒቲሶል፤ ብረቱ አልተለካም» ብላችሁ ጻፉ። ነውር የለውም።

ከስሙ በፊት የሚገቡ ቅጽሎችም አሉ። በጣም ቀይና ጠቆር ያለ ከሆነ ሮዲክ ይባላል። የሚለዋወጠው አሉሚኒየም ከካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየምና ሶዲየም ድምር ከበለጠ ዲስትሪክ፣ ካነሰ ዩትሪክ ነው። የድሮ ሪፖርት ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። ቀደም ሲል ይህ የሚወሰነው በሌላ ስሌት ስለነበር ያኔ ዲስትሪክ የተባለ ማሳ ዛሬ ዩትሪክ ሊወጣ ይችላል። አፈሩ ሳይሆን መለኪያው ነው የተቀየረው።

በመጨረሻ ውጤታችሁን ሶይልግሪድስ ከተባለው ዓለም አቀፍ ካርታ ጋር አስተያዩ። የካርታው አንድ ካሬ 250 ሜትር በ250 ሜትር ነው። በጅማ ተዳፋት ላይ በዚያ ስፋት ውስጥ ቀዩም ጥቁሩም ሊገቡ ይችላሉ። ካልተስማማችሁ ጉድጓዱን ያያችሁት እናንተ ናችሁ፤ የራሳችሁን ጻፉና የጂፒኤስ ነጥቡን አያይዙ።