የኮርሱን አውትላይን ከተማሪዎች ጋር እንዴት መሥራት ይቻላል?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ተማሪ መምህሩን የሚገመግምበት ፎርም ይሞላል። ጥሩ ነው፤ ግን ለማን? እሱ ኮርሱን ጨርሷል። ቢጠቅም የሚጠቅመው ለቀጣዩ ባች ነው። እኔ «ኮርሱ እንዴት ይሁን?» የሚለውን ጥያቄ አውትላይኑ፣ ማለትም የኮርሱ ዕቅድ፣ ወደሚሰጥበት ወደ መጀመሪያው ሳምንት አመጣሁት። እናንተም የምታስተምሩ ከሆነ እንዲህ ሞክሩት።

መጀመሪያ የማይነካውን ለዩ። የኮርሱ ኢሲቲኤስ (የክሬዲት መጠኑ) እና ዋና ዋና ምዕራፎቹ ከካሪኩለሙ የመጡ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም፤ ስለዚህ እዚያ የሚጠየቅ ምዕራፍ አሰልቺ ነው ተብሎ አይዘለልም። ይህንን ፊት ለፊት ንገሯቸው። ያለቀ የደቀቀ ነገር ላይ «ምን ትላላችሁ?» ማለት ካለመጠየቅ ይብሳል።

የቀረው ብዙ ነው። ከፋይናል ውጭ ያለው ነጥብ እንዴት ይከፋፈል? አሳይመንቱ በግል ይሁን በግሩፕ? ግሩፑን ማን ይመድብ? ዲፓርትመንታችሁ የሚፈቅደውን ግን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ከዚያ ጠይቁ፣ በወረቀት። እጅ አውጡ ካላችሁ ክፍሉ ጭጭ ይላል፤ ከፊት የሚቀመጡት ሁለት ሦስት ልጆች ይናገራሉ፣ የክፍሉ ተወካይ፣ ሪፑም «ሁላችንም ተስማምተናል» ይላል። ሐሳብ አጥተው አይደለም። ይሉኝታ አለ፣ ግሬዱም ያለው በእናንተ እጅ ነው። ስም የሌለበት ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። በሚቀናቸው ቋንቋ ይጻፉ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ካላችሁ ግማሹ ወረቀት «ጉድ» (good) የምትል ቃል ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ጥያቄውን ደግሞ ልቅ አታድርጉት። መጀመሪያ ጊዜ «ምን ይቀየር?» ብዬ ለቀቅኩት። «ፋይናል ይቅር»፣ «ለሁላችንም ኤ ይሰጠን» የሚል ጎረፈ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ምርጫ አቀረብኩ፦ ወይ ሚድ ከ30 እና አሳይመንት ከ20፣ ወይ አራት ኩዊዝ ከ5 ከ5 እና ፕሮጀክት ከ30፤ ከሥሩም «ለምን?» የሚል መስመር። አብዛኛው ኩዊዙን መረጠ። እኔ እንኳ ፈተና ማብዛት አይፈልጉም ብዬ ነበር። ለካ የሁሉም ኮርስ ሚድ አንድ ሳምንት ላይ ተደራርቦ እንቅልፍ ነስቷቸዋል! «ለምን?» ባልል ይህን አላውቅም ነበር።

ድምፅ ብልጫ ግን ሁሉንም አይፈታም። አብዛኛው በኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮጀክት ቢመርጥ ላፕቶፕ የሌለው ልጅ ምን ይሁን? እሱ ክፍል ውስጥ ተነስቶ «የለኝም» አይልም። ያንኑ ወረቀት ላይ «የሚቸግራችሁ ነገር አለ?» ብላችሁ ጨምሩ፣ መልሱንም ሳታዩ ውጤት አታውጁ።

የተስማማችሁበትን አውትላይኑ ላይ አስገቡና በክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ልቀቁት። በኋላ «እንዲህ አላልንም» የሚል ጣጣ አይመጣም።

አምስተኛው ወይ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ወረቀት በትኑ። ሦስት ጥያቄ፦ ምን ይቀጥል፣ ምን ይቁም፣ ምን ይጀመር? በማግስቱ ክፍል ስትገቡ ቢያንስ አንዱን ቀይራችሁ ግቡ፤ የማትቀይሩትንም ምክንያቱን ንገሯቸው። እኔ ባለፈው ወረቀቱን በትኜ ስለ ትምህርቱ ክብደት ምን ይሉ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ ዘጠኝ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነገር አገኘሁ፦ «ስላይዱ ከኋላ አይነበብም»። አምስት ሳምንት ሙሉ አስተምሬያለሁ ብዬ ነበር።