ለልጅ የኬሚስትሪ ኪት እንዴት ይመረጣል?

የኬሚስትሪ ኪት ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሙከራዎቹ ብዛት ነው፤ ለገዢው ግን ከዚህ ያነሰ የሚጠቅም ቁጥር የለም። ቤኪንግ ሶዳ ላይ የሎሚ ጭማቂ ማፍሰስ፣ ያንኑ በአቼቶ መድገም፣ ከዚያም ቀለም ጨምሮ እንደገና መድገም በአምራቹ አቆጣጠር ሦስት ሙከራ ሊባል ይችላል፤ ልጁ የሚማረው ግን አሲድ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ከልጁ ጋር አብሮ የሚቀመጠው ሰው ይታሰብ። ካርቶኑ ላይ የሰፈረው ዕድሜ የብልህነት መለኪያ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ አንብቦ ከመረዳትና እጅን ወደ አፍ ካለመውሰድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ «ልጄ ጎበዝ ነው» ተብሎ የሚዘለል አይደለም። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ በወጥ ቤት ዕቃዎች የሚሠራ ቀላል ኪት ይበቃዋል። እሳት ወይም ጎጂ ኬሚካል ያለበት ኪት የሚገዛው አንድ አዋቂ ሙከራው እስኪያልቅ ከጎኑ መቀመጥ ከቻለ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ታናሽ ልጅ ካለ ደግሞ ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ከወዲሁ ይዘጋጅ።

ቀጥሎ የኬሚካሎቹ ዝርዝር ይነበብ። ዋናው ምርጫ የሚደረገው እዚህ ላይ ነው። በየዕቃው ላይ ትክክለኛው ስም፣ መጠኑና የአደጋ ምልክቱ ሊኖር ይገባል፤ «ተአምረኛ ዱቄት» ወይም «ምስጢራዊ ፈሳሽ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ኪት ለልጁ የሚያስተምረው ነገር የለም፤ ልጁ ቢውጠው ደግሞ ሐኪሙ ምን እንደተዋጠ ማወቅ አይችልም። ለምሳሌ መዳብ ያለበትን ኮፐር ሰልፌትን እንመልከት። ሰማያዊው ክሪስታል ከረሜላ ስለሚመስል ትንንሽ ልጆችን ይስባል፤ ሲዋጥ ይመርዛል፣ ዓይንንም ክፉኛ ይጎዳል። ይሁን እንጂ ዝገቱ የተፈገፈገለት የብረት ምስማር ይህ ክሪስታል በሟሟበት ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ሲነከር፣ ደቂቃዎች ሳይቆዩ ቀላ ያለ የመዳብ ሽፋን ይለብሳል፤ ብረቱ ወደ ፈሳሹ ሲገባ መዳቡ ከፈሳሹ ሲወጣ ልጁ በዓይኑ ያያል። እንዲህ ያለውን ኬሚካል በልኩና በግልጽ ማስጠንቀቂያ የያዘ ኪት፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ አረፋና ቀለም ብቻ ከሚያሳየው በእጅጉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በእርግጥ ድሮ የነበረው ድፍረት አይመለስም፤ በ1950 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የጊልበርት ኩባንያ የዩራኒየም ማዕድን ያለበት የልጆች ላቦራቶሪ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ዛሬ በአውሮፓ የኬሚስትሪ ኪቶች ኢኤን 71-4 በተባለው ደረጃ ይመዘናሉ፤ ደረጃው የተወሰኑ ኬሚካሎች በምን ያህል መጠን ሊገቡ እንደሚችሉ ይደነግጋል። በአሜሪካ የሚሸጥ ከሆነ ኤኤስቲኤም ኤፍ963 (ASTM F963) የሚለው የመጫወቻ ደህንነት ደረጃ ይፈለግ። ዕቃው የአውሮፓን ደንብ ያሟላል የሚለው የሲኢ (CE) ምልክት በአብዛኛው የአምራቹ የራሱ ማረጋገጫ ስለሆነ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ የሌለበት ካርቶን ምልክቱን ቢይዝም አይታመንም።

ከዕቃዎቹ መካከል በጥብቅ የሚታየው የዓይን መነጽሩ ነው። ዙሪያውን ፊት ላይ ካልገጠመና ጎኑ ክፍት ከሆነ የተረጨ ፈሳሽ አያግድም፤ ስለዚህ ለልጅ ልክ የሆነ ሌላ መነጽር ለብቻው መግዛት ይሻላል። የፕላስቲክ የሙከራ ቱቦ ለመቀላቀል እንጂ እሳት ላይ ለመያዝ አይሆንም፤ ማሞቅ የሚጠይቅ ሙከራ ካለ ቱቦው ሙቀት የሚችለው ቦሮሲሊኬት ብርጭቆ መሆን አለበት።

ከዚያ ወደ መመሪያው መጽሐፍ ይታለፋል። ብዙ አምራቾች መመሪያውን ድረ ገጻቸው ላይ ስለሚያስቀምጡት ከመግዛት በፊት ማንበብ ይቻላል። የሆነው ነገር ለምን እንደሆነ፣ የተረፈው ፈሳሽ የት እንደሚደፋ፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚደረግ ካላስረዳ ኪቱ ይተው። መመሪያው የተጻፈበት አገር ሁኔታም ይታሰብ፤ ከባሕር ወለል በጣም ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ 100 ዲግሪ የሚል መመሪያ ይዞ ቴርሞሜትር የሚመለከት ልጅ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ለማስመጣት የሚያስቡም የኬሚካሎቹን ዝርዝር ከአየር መንገዱ ደንብ ጋር ያመሳክሩ። ተቀጣጣይ አልኮልና እንደ ፖታሺየም ፐርማንጋኔት ያሉ ኦክሲዳይዘሮች (እሳትን የሚያባብሱ ኬሚካሎች) በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም። አንዳንድ ትልልቅ ኪቶችም አሲድና አልኮልን ሳይጨምሩ «ለብቻው ይገዛ» ብለው ስለሚሸጡ፣ የጎደለው እዚህ መገኘቱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኪቱ ቤት ከገባ በኋላ ከመመሪያው ውጪ ምንም አይጨመርበት፤ በተለይ በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ከሙከራው ጠረጴዛ ይራቅ። ቶሎ ከሚያልቁት አንዱ ቤኪንግ ሶዳው ሲሆን ከሱቅ መተካት ይቻላል፤ ባለሱቁ በምትኩ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጥ ግን ጽሑፉ ይነበብ። ፓውደሩ ደረቅ አሲድ የተቀላቀለበት በመሆኑ በውሃ ብቻ አረፋ ያወጣል፤ ልጁም አረፋው ከጨመረው አሲድ የመጣ መሆኑን መለየት አይችልም።