ለኮራል ገንዳ የኤልኢዲ መብራት በቤት ውስጥ መሥራት

ኮራል በሚኖርበት የጨው ውሃ ገንዳ ላይ መብራት ለጌጥ አይሰቀልም። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ብዙው ኮራልም አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው ከእነሱ ነው። በዋናነት የሚጠቀሙት ሰማያዊውን ብርሃን ስለሆነ፣ ለሳሎን ተብሎ የተሠራ አምፖል ዋቱ ቢበዛም እዚህ ብዙ አይረዳም።

ከዚህ በታች ያለው ልክ 60 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 45 ሴ.ሜ ስፋትና 45 ሴ.ሜ ከፍታ ላለው፣ 120 ሊትር ገደማ ለሚይዝ ገንዳ ነው። በእጅ የተሠራ መብራት ቶሎ የሚበላሸው በአብዛኛው በሙቀት ወይም ከልክ ባለፈ ከረንት ነው። ገንዘብ ካጠረ የኤልኢዲውን ቁጥር መቀነስ ይቻላል፤ ሙቀቱን ከሚያስወጣው ብረት (ሂትሲንክ) እና ከረንቱን ከሚመጥነው መሣሪያ (ድራይቨር) ላይ መቆጠብ ግን ኋላ ያስከፍላል።

የሚያስፈልገው

ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ 24፦ 12 ሮያል ብሉ (450 ናኖሜትር)፣ 4 ሰማያዊ (470 ናኖሜትር)፣ 8 ነጭ (6500 ኬልቪን)። ሁሉም 20 ሚ.ሜ ስፋት ባላት የኮከብ ቅርጽ ሰሌዳ ላይ የተገጠሙ ይሁኑ። 45 በ15 ሴ.ሜ የሆነ፣ ጀርባው ክንፍ ክንፍ ያለውና ወለሉ ቢያንስ 5 ሚ.ሜ የሚወፍር የአልሙኒየም ሂትሲንክ። ሁለት የሚን ዌል ኤልዲዲ-700ኤች ድራይቨር። ባለ 48 ቮልትና 100 ዋት ፓወር ሰፕላይ። ባለ 12 ቮልት ሁለት ፋን ከነራሱ አዳፕተር፤ 48 ቮልቱ ላይ ቢቀጠል ይቃጠላል። 48 ኤም3 ብሎን፣ የፕላስቲክ ሮንዴላ፣ የሙቀት ቅባት፣ ባለ 60 ዋት መበየጃ፣ ቴስተርና 3 ሚ.ሜ አክሪሊክ።

ለምን 12 በአንድ መስመር? አንዱ ኤልኢዲ በ700 ሚሊአምፔር 3.2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ 12ቱ በተከታታይ ሲያያዙ ከ38 እስከ 40 ቮልት ይሆናል። ይህ ድራይቨር ቮልት መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም፤ የሚገባለትም ከሚያወጣው ቢያንስ በ3 ቮልት መብለጥ አለበት። በ48 ቮልት በቂ ክፍተት ይተርፋል። 14 ከተደረደሩ ግን ክፍተቱ ያልቅና መብራቱ ይደክማል ወይም ይርገበገባል። እያንዳንዱ መስመር 28 ዋት ገደማ ይበላል፤ ሁለቱ 56 ስለሚሆኑ ሰፕላዩ ሳይጨናነቅ ይሠራል።

መቆፈርና መግጠም

በሂትሲንኩ ልሙጥ ገጽ ላይ በ5 ሴ.ሜ ርቀት 3 ረድፍ፣ በረድፉ 8 ቦታ ምልክት ያድርጉ። ቀለሞቹን አሰባጥሩ፤ ነጩ በአንድ ወገን፣ ሰማያዊው በሌላው ከተሰበሰበ አሸዋው ላይ የተበጣጠሰ ቀለም ይታያል። በትራፓኖ በ2.5 ሚ.ሜ ይብሱና ዘይት ጠብ እያደረጉ የኤም3 ጥርስ ያውጡ። ከዚያ የቀዳዳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይሙረዱ። የቀረች ትንሽ የብረት ሽርፍራፊ ሰሌዳዋን ከፍ ታደርጋታለች፤ በሥሯ አየር ይገባል፤ ያቺ ኤልኢዲ ከሌሎቹ ቀድማ ትሞታለች።

ሰሌዳዎቹ ከመገጠማቸው በፊት ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ነጥቦቻቸው ላይ የብየዳ ሽቦ አቅልጦ ማስያዝ ይሻላል። አንዴ ከተገጠሙ አልሙኒየሙ የመበየጃውን ሙቀት ስለሚስበው ብየዳው ሳይይዝ ይቀራል። የሙቀት ቅባቱ የምስር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ ሥራው ጥቃቅን ክፍተት መሙላት ብቻ ስለሆነ፣ ከበዛ ሙቀቱን ያግዳል። በብሎኑ ራስ ሥር የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ። ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅ ሰሌዳዋን ያጎብጣታል።

ሽቦ

የአንዱን ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ነጌቲቭ ጋር እያያያዙ 12ቱን ሮያል ብሉ በአንድ መስመር፣ 8ቱን ነጭና 4ቱን ሰማያዊ በሌላ መስመር ይበይዱ። ሲያልቅ ቴስተሩን የግንኙነት ድምፅ ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በሂትሲንኩ፣ ሌላውን በእያንዳንዱ ብየዳ ላይ ያስነኩ። ከጮኸ አንድ ቦታ ብረት ለብረት ተነካክቷል፤ ሳይገኝ ኤሌክትሪክ አይለቀቅም። በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪዎች እያንዳንዷን ኤልኢዲ ፈዘዝ አድርገው ያበሯታል፤ የተገለበጠች ካለች እዚህ ላይ ትገኛለች።

የመኪና ሽቦ የለመደ ሰው ነጌቲቭ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። በዚህ ድራይቨር ግን የመውጫው ነጌቲቭ ከመግቢያው ነጌቲቭ ጋር መገናኘት የለበትም፤ የሁለቱ መስመሮች ነጌቲቮችም እንዲሁ። ሌላው የተለመደ ጥፋት ድራይቨሩን አብርቶ ኤልኢዲውን ኋላ መሰካት ነው። መውጫው ላይ የተጠራቀመው ቮልት በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ኤልኢዲውን ያቃጥለዋል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ኤልኢዲ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ።

ብርሃኑን ለመቀነስ ድራይቨሩ ከ100 እስከ 1000 ኸርዝ የፒደብሊውኤም ምልክት (በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ብርሃኑን የሚመጥን) ይቀበላል፤ አርዱኢኖ ኡኖ የምትባለው ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ሰሌዳ የምታወጣው 490 ኸርዝ ይስማማዋል። የአርዱኢኖው ግራውንድ ከድራይቨሩ የመግቢያ ነጌቲቭ ጋር ይያያዝ። ይህን ምልክት የሚያመጣው የዲም ሽቦ ከተነቀለ ድራይቨሩ በሙሉ ኃይል ስለሚያበራ በደንብ ይጥበቅ።

ሰፕላዩን ከመሰካትዎ በፊት የሚቀበለውን ቮልት ያንብቡ፤ ኢትዮጵያ 220፣ አሜሪካ 120 ነው። የኧርዝ ሽቦውን ሂትሲንኩ ላይ በብሎን ያያይዙ፤ መስመሩ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ራሱን በሚያቋርጥ ብሬከር በኩል ይምጣ። ይህን የጨው ውሃ አጠገብ መዝለል አይቻልም። ሰፕላዩ ከገንዳው በላይ አይቀመጥ፤ የገመዱም ሆድ ከሶኬቱ በታች ይዋል፣ የሚንጠባጠብ ውሃ ወደ ሶኬቱ እንዳይሄድ።

መጀመሪያ ሲበራ በቀጥታ አይመልከቱት፤ ነጭ ወረቀት ይሸፍኑበት። መስመሩ በሙሉ ከጠፋ የተቆረጠ ብየዳ ወይም የተገለበጠ ኤልኢዲ አለ። አንዷ ብቻ ከጠፋች ሁለቱ ነጥቦቿ በብየዳ ተገናኝተዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሂትሲንኩ ከ50 ዲግሪ በታች ሊሆን ይገባል፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ፋኑን ወይም ቅባቱን ይፈትሹ።

መስቀል

አክሪሊኩን በኤልኢዲዎቹ ፊት ብቻ ያድርጉ፤ ክንፎቹ አየር ይፈልጋሉ። ያለ እሱ የጨው ርጭት ብየዳውን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። መብራቱን ከውሃው 20 እስከ 25 ሴ.ሜ ከፍ አድርገው ይስቀሉ። ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ፓር (አልጌው ሊጠቀምበት የሚችለው ብርሃን መጠን) ይበቃቸዋል፤ ደረቅ አጽም ያላቸው እንደ አክሮፖራ ያሉት ከ200 እስከ 350 ይፈልጋሉ። የፓር መለኪያው ውድ ስለሆነ መዋስ ወይም መከራየት ያዋጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት ከሙሉ ብርሃኑ 25 በመቶ አይለፉ። ከዚያ በየሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨምሩ፤ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይብራ። ኮራሉ ከነጣ ብርሃኑ በዝቶበት አልጌውን እያስወጣ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይቀንሱ። ቡናማ ሆኖ ወደ ላይ ከተንጠራራ ደግሞ ብርሃን አንሶታል፤ ያኔም ጭማሪው በዚያው በሳምንቱ ልክ ነው።