በትንንሽ ሥራ በራስ መተማመንን ማሳደግ፦ ዋናው ነገር ልኩን ማወቅ ነው

ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ» ማለት እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አይዘልቅም። አእምሮ ማስረጃ ይጠይቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ «ይህን ሥራ እወጣዋለሁ» የሚለው እምነት ከአራት ቦታ እንደሚመጣ ዘርዝሯል፦ ራስ ሠርቶ ከማሳካት፣ ሌላው ሲያሳካ ከማየት፣ ከሰው ማበረታቻ እና በሥራው ጊዜ ሰውነት ከሚሰማው ስሜት። ከአራቱ ጉልበት ያለው የመጀመሪያው ነው።

መጀመሪያ መተማመን ያነሰዎት የት ላይ እንደሆነ ለይተው ይያዙ። «በራሴ አልተማመንም» የሚለው በጣም ሰፊ ስለሆነ የሚሠራበት ነገር የለውም። «ስብሰባ ላይ አልናገርም»፣ «የጀመርኩትን አልጨርስም»፣ «የማላውቀው ሰው ጋ መደወል ያስፈራኛል» ግን መነሻ ይሆናል። ሥራው ከችግሩ ጋር መገናኘት አለበት። ሰው ፊት መናገር የሚፈራ ሰው በየጠዋቱ አልጋውን ቢያነጥፍ ክፍሉ ያምራል እንጂ አንደበቱ አይፈታም።

ቀጥሎ ሥራውን መመጠን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ከ10 ቀን ስንቱን ቀን እሠራዋለሁ?» መልስዎ 8 ወይም 9 ከሆነ ልኩ ነው። 5 ከሆነ በግማሽ ይቀንሱት። ሳያስቡት 10 ካሉ ደግሞ ቀሏል፤ በጣም የቀለለ ሥራ እምነት አይጨምርም። ባንዱራም ያለልፋት ማሳካት የለመደ ሰው ውጤት ቶሎ እንዲመጣ እንደሚጠብቅና መሰናክል ሲገጥመው ቶሎ እንደሚሰበር ጽፏል። ሲገምቱ ታዲያ ደህና የዋሉበትን ቀን አያስቡ፤ ደክመው፣ ተበሳጭተው የሚገቡበትን ቀን ያስቡ።

ትልቅ ሥራን መከፋፈል ለምን እንደሚጠቅም ባንዱራና ዴል ሹንክ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጥናት ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በመቀነስ ስሌት የተቸገሩ ልጆች በ7 ክፍለ ጊዜ የሚሠሩት 42 ገጽ መልመጃ ተሰጣቸው። አንዱ ቡድን «በየክፍለ ጊዜው 6 ገጽ ለመሥራት አስቡ» ሲባል ሌላው «እስከ መጨረሻው 42ቱን ለመጨረስ አስቡ» ተባለ። መልመጃው ያው ነው። በስሌቱም፣ «እችላለሁ» በማለትም፣ ሥራውን በመውደድም የበለጡት 6 ገጽ የተባሉት ናቸው። በየክፍለ ጊዜው አንድ የጨረሱት ነገር ነበራቸው።

ሥራው በእጅዎ ያለ ነገርም ይሁን። «ደንበኛው እሺ እንዲለኝ» የደንበኛው ጉዳይ ነው፤ «ለ3 ደንበኞች መደወል» የእርስዎ ነው። ስብሰባ ላይ ለማይናገር ሰው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ በመጀመሪያው ሳምንት ከመግባቱ በፊት አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፎ እሱኑ ማንበብ፣ በሁለተኛው ወረቀቱን ሳያዩ መጠየቅ፣ በሦስተኛው አንድ ሐሳብ ከነምክንያቱ መናገር። ድምፁ ቢንቀጠቀጥም፣ ማንም መልስ ባይሰጠውም ከተናገረ ተቆጥሯል።

ሰዓትና ቦታ ይቁረጡለት። «ሲመቸኝ» የተባለ ሥራ አይመቸውም። «ጥርሴን እንደቦረሽኩ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ 10 ደቂቃ እጽፋለሁ» ብለው ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ያስሩት።

ከዚያ ይመዝግቡ፤ ምልክት ብቻ ማድረግ ግን አይበቃም። በዕለቱ ሦስት አጭር ነገር ይጻፉ፦ ምን ሠራሁ፣ ምን ከበደኝ፣ እንዴት አለፍኩት። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ። ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ጀምሬ ተውኩት። የምናገረውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጽፌ እያየሁ ደወልኩ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት። በራሱ የማይተማመን ሰው ሲሳካለት «ዕድል ነው»፣ «ሰውየው ጥሩ ሰው ስለሆነ ነው» ማለት ይቀናዋል፤ ያቺ መስመር ግን የሠራው ማን እንደሆነ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ታስታውሰዋለች። በሳምንት አንዴ ወደኋላ ሄደው ያንብቡት።

አንድ ቀን ቢያመልጥዎስ? በለንደን ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ባጠኑት ጥናት ድርጊት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ልዩነቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይሰፋል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ይህ ነው የሚባል አልጎዳውም። ስለዚህ በማግስቱ እጥፍ ለመሥራት አይሞክሩ። እጥፉ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳ ደግሞ ያሸሻል። የተለመደውን ያህል ሠርተው ይለፉ። ሦስት ቀን በተከታታይ ካመለጠ ግን ልኩ ወይም ሰዓቱ ልክ አይደለምና አንዱን ይቀይሩ።

ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይታገሉ ከሠሩት ከፍ ያድርጉት፤ በአንድ ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ። ጊዜውን ከ10 ወደ 15 ደቂቃ ካሳደጉ ክብደቱን አይንኩ። ሁለቱንም ጨምረው ቢወድቁ የጣለዎት የትኛው እንደሆነ አያውቁም። አምስት ሥራ ባንዴ መጀመርም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሞቅ ይላል፣ በሦስተኛው አንዱም የለም።

አንድ ሁኔታ ግን ይለያል። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከከፋዎት፣ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ እንቅልፍዎ ከተዛባና ትንሿ ሥራ እንኳ ተራራ ከሆነችብዎ፣ ሥራውን ይበልጥ ማሳነስ ብቻውን አይፈታውም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ።