ዘፋኝ የሌለበትን የጃዝ አልበም ስንተረጉም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ግጥም የሌለው ጃዝም ታሪክ ይናገራል። ችግሩ ብዙዎቻችን በቅጡ ሳንሰማው ለመተርጎም መቸኮላችን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከርዕሱ መነሳት ነው። ስሙን ቀድመው ካነበቡ ጆሮዎ ሌላ ነገር አይፈልግም። መጀመሪያ ያዳምጡ፤ ርዕሱን በኋላ ይዩት።

ሙዚቀኛው የጻፈውን ጨርሶ መተውም ግን አይበጅም። የሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን እ.ኤ.አ. በ1964 የቀረጸውን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» እንውሰድ። አልበሙ አራት ክፍሎች አሉት። በመጨረሻው ክፍል ኮልትሬን ከአልበሙ ጋር የታተመውን የራሱን የጸሎት ግጥም ቃላት እየተከተለ ሳክስፎኑን ይነፋል። ግጥሙን ይዘው ሲሰሙት ሐረጎቹ ለምን እዚያ ጋ እንደሚያርፉ ይገባዎታል።

ሌላው ስህተት በማይነር (ጠቆር ያለ ድምፅ ባለው የኖታ ስብስብ) የተሠራ ሁሉ ሐዘን ነው ብሎ ማሰብ ነው። የዚሁ አልበም ሦስተኛ ክፍል የማይነር ብሉዝ ነው። ግን ይፈጥናል፣ ይነዳል። እኔ የምሰማበት ፍለጋ እንጂ ለቅሶ አይደለም። ፍጥነቱን፣ የድምፁን ሻካራነት፣ የከበሮውን ጉልበት አብረው ይመዝኑ።

በጣም የሚቆጨኝ ስህተት ደግሞ ሳክስፎኑን ብቻ ተከትሎ ሌላውን አጃቢ ማድረግ ነው። ይህን ሦስተኛ ክፍል የሚከፍተው የኤልቪን ጆንስ ድራም ነው፤ ብቻውን። ሊያልቅ ሲል ሁሉም ዝም ይሉና የጂሚ ጋሪሰን ቤዝ ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወደሚቀጥለው ይዘላል። ያ ሁሉ ግለት የሚበርደውና ወደ ጸሎቱ የምንሻገረው ግን በዚህ ቤዝ ነው። እሱን የዘለለ ሰው ታሪኩን መሃል ላይ ቆርጦታል። ትራኮቹን ቅደም ተከተላቸውን አዛብቶ መስማትም ያው ነው።

የሙዚቀኛውን ሕይወት በየኖታው ላይ መለጠፍም አለ። ኮልትሬን እ.ኤ.አ. በ1957 መንፈሳዊ መነቃቃት እንዳገኘ ራሱ በአልበሙ ላይ ጽፏል። ይህ አጠቃላይ መንፈሱን ለመረዳት ይረዳል። ሳክስፎኑ በጮኸ ቁጥር «ይሄ ከሱስ ጋር ያደረገው ትግል ነው» ማለት ግን ግምት ነው።

በመጨረሻ፣ «ውስጤን ነካው» ብለው አያቁሙ። ምኑ ነካዎት? ቤዙ ሲዘገይ ነው? ፒያኖው ሲጠፋ? ቦታውን በደቂቃና በሰከንድ ይያዙት። ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ስሜት ከሰማ፣ አብራችሁ ደግማችሁ አዳምጡት።